መብትን ለሚያስተምር መምህር የሚገባ ሥልጠና



በዛሬው ንግግሬ ላነሣው ያሰብሁት ጉዳይ የመምህራን ሥልጠና ነው። ይህን ስል ግን ስለ ሒሳብና ስለ ሳይንስ ማስተማሪያ ዘዴ ለመናገር አይደለም። በቋንቋ፣ በትውልድ፣ በሃይማኖት ወይም በመሬት ይዞታ ምክንያት በጎሪጥ በሚተያይ ሕዝብ መካከል የሰውን መብት የሚያስተምር መምህር እንዴት ያለ ሥልጠና ይገባዋል? የሚለውን ጥያቄ ለመመርመር ነው። ነገሩን በደፈናው እንዳንናገረው፣ ሁላችንም በስም የምናውቀውን አንድ ሠፈር ይዘን እንነሣ። ሠፈሩ ቂሊንጦ ነው።

ቂሊንጦ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጠረፍ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የሚገኝ ስፍራ ነው። ከጥቂት ዐሥርተ ዓመታት በፊት ገበሬ የሚያርስበትና የሚያጭድበት መስክ ነበር። ዛሬ ግን በአንድ በኩል ከየአገሩ ማዕዘን የተመረጡ ወጣቶች የሚማሩበት የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ። በሌላ በኩል የመድኃኒት ፋብሪካዎች እንዲተከሉበት የተከለለ የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። ከዚያም ሌላ ከመሐል ከተማ የመጡ ቤተ ሰቦች የሠፈሩባቸው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ተሰልፈው ይታያሉ። የቦታውን ስም ከሁሉ ይልቅ በአገር ያሳወቀው ግን ፍርዳቸውን የሚጠባበቁ ሰዎች የሚቆዩበት ማረሚያ ቤት ነው። በዚሁ ማረሚያ ቤት ነሐሴ 28 ቀን 2008 ዓ.ም. እሳት ተነሥቶ፣ መንግሥት በጊዜው በሰጠው መግለጫ መሠረት 23 እስረኞች ሞተዋል።

እንግዲህ በእንዲህ ያለ ሠፈር የሚገኝን አንድ የትምህርት ክፍል በሐሳባችን እንመልከት። በአንድ ዴስክ ላይ የሚቀመጡት ሁለት ልጆች፣ የአንደኛው አባት በአጥሩ ውስጥ የታሰረ፣ የሁለተኛው አባት በአጥሩ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ሊሆኑ ይችላሉ። ከኋላቸው የተቀመጡት ደግሞ፣ አንደኛዋ አያቷ ያርሱት የነበረው መሬት ለቤት መሥሪያ የተወሰደባቸው፣ ሁለተኛዋ ወላጆቿ ለዓመታት ቆጥበው በዚያው መሬት ላይ ቤት የደረሳቸው ሊሆኑ ይችላሉ። አራቱም ልጆች በአንድ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ተቀምጠው፣ መምህሩ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 20 እየጠቀሰ፣ «ማንም የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ ነው ተብሎ እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ንጹሕ ይቆጠራል» ብሎ ያስተምራቸዋል። ቀጥሎም አንቀጽ 21ን አንሥቶ፣ በጥበቃ ሥር ያለ ሰው ሰብአዊ ክብሩ ተጠብቆለት መያዝ እንዳለበት ያስረዳል። ቃሉ ለአራቱም አንድ ነው፤ በአራቱ ልብ ውስጥ የሚቀሰቅሰው ነገር ግን አራት ዓይነት ነው። መምህሩ ይህን ሳያውቅ ቢያስተምር፣ ልጆቹ የሚጽፉት ማስታወሻ ትክክል ሊሆን ይችላል። የሚማሩት ግን ሌላ ነው።

የመሬቱም ነገር እንዲሁ የትናንት ታሪክ ነው። በጥር ወር 2008 ዓ.ም. የአዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉትን የኦሮሚያ ከተሞች የሚያያይዘው የጋራ ማስተር ፕላን ከብርቱ ተቃውሞና ከሰው ሞት በኋላ እንዲቀር ተደረገ። በየካቲት ወር 2011 ዓ.ም. ደግሞ ለቂሊንጦ ጎረቤት በሆነው በኮዬ ፈጬ የተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ በወጣ ጊዜ፣ ቤት የደረሳቸው ሲደሰቱ፣ መሬቱ የእኛ ነበር የሚሉት በብዙ ከተሞች ለተቃውሞ ወጡ። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደርና የኦሮሚያ ክልል በወሰን ጉዳይ መስማማታቸውን አስታውቀዋል። ነገር ግን በካርታ ላይ የተሰመረ መስመር በልጆች መካከል ያለውን መስመር አይደመስሰውም። እርሱን የሚደመስሰው ወይም የሚያደምቀው በየቀኑ በክፍሉ ውስጥ የሚቆመው መምህር ነው።

ይህን ስናገር ነገር ያጋነንሁ የሚመስለው አድማጭ ቢኖር፣ በ2015 ዓ.ም. በኅዳርና በታኅሣሥ ወራት በአንዳንድ የአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች የደረሰውን ያስታውስ። በአፋን ኦሮሞ ትምህርት በሚሰጥባቸው ትምህርት ቤቶች የኦሮሚያ ክልል ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀል፣ መዝሙሩም ይዘመር በሚሉና ይህን በሚቃወሙ መካከል ጠብ ተነሣ። ተማሪዎች ተጎዱ፤ የታሰሩም ነበሩ፤ ትምህርትም ተቋረጠ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም ነገሩን በመግለጫው አንሥቶታል።

ጉዳዩን በሕግ ዓይን ስንመለከተው፣ በሁለቱም ወገን የሚጠቀስ አንቀጽ ነበረ። አንደኛው ወገን ክልሎች የየራሳቸው ሰንደቅ ዓላማ ሊኖራቸው እንደሚችል የሚናገረውን አንቀጽ 3ንና ቋንቋንና ባህልን ስለማሳደግ የሚናገረውን አንቀጽ 39ን ይጠቅሳል። ሌላው ወገን ከተማዪቱ ራሷን በራሷ የማስተዳደር ሥልጣን እንዳላት የሚደነግገውን አንቀጽ 49ን ይጠቅሳል። ያው አንቀጽ 49 ደግሞ ኦሮሚያ በአዲስ አበባ ላይ ስላለው ልዩ ጥቅም ይናገራል። እኔ በዚህ ሰዓት ማን ረታ ማን ተረታ ለማለት አልተነሣሁም። ልንጠይቀው የሚገባ ጥያቄ ግን አለ። ከጧቱ በሁለት ሰዓት ተማሪዎቹ በሰልፍ ሜዳ ላይ ለሁለት ተከፍለው ሲጯጯኹ፣ በመካከላቸው የቆመው መምህር ምን ያድርግ ብለን አስተምረነው ነበር? ከበላይ የሚወርደው ደብዳቤ ገና አልደረሰም፤ ርእሰ መምህሩ በስልክ ላይ ናቸው፤ ድንጋይ ያነሣው ልጅ ግን በፊቱ ነው። በዚያች ደቂቃ መምህሩን የሚረዳው በትምህርቱ ጊዜ የሸመደደው አንቀጽ ሳይሆን፣ አስቀድሞ እጁና አንደበቱ የለመደው ነገር ብቻ ነው።

እዚህ ላይ እስከ አሁን ያደረግነውን በሚዛን እንየው። በአገራችን ለብዙ ዓመታት የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ትምህርት ሲሰጥ ቆይቷል። በዚያ ትምህርት ውስጥ ዴሞክራሲያዊ ሥርዓት፣ የሕግ የበላይነት፣ እኩልነት፣ ፍትሕ፣ አገር ወዳድነት፣ ኃላፊነት እየተባሉ የሚቆጠሩ 11 ዕሴቶች ነበሩ። በቅርብ ዓመታት በተዘረጋው አዲስ ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ የግብረ ገብና የዜግነት ትምህርት ገብተዋል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን 11ዱን ዕሴት በቃሉ የሚወርድ ተማሪ፣ በዕረፍት ሰዓት ቋንቋው ከእርሱ የተለየውን ጓደኛውን ሲሰድብ ቢሰማ፣ ጉድለቱ የመጽሐፉ ነው ማለት አንችልም። መጽሐፉ ያለውን ክፍሉ አላደረገውም ማለት ነው።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ታኅሣሥ 9 ቀን 2004 ዓ.ም. ስለ ሰብአዊ መብት ትምህርትና ሥልጠና ባወጣው መግለጫ ይህን ነገር በሦስት አጫጭር ቃላት ለይቶ አስቀምጦታል። ትምህርቱ ስለ መብት፣ በመብት፣ ለመብት መሆን አለበት ይላል። ስለ መብት ማለት ሕጉን ማወቅ ነው። በመብት ማለት የማስተማሩ መንገድ ራሱ የመምህሩንም የተማሪውንም መብት የሚያከብር ይሁን ማለት ነው። ለመብት ማለት ደግሞ ተማሪው የራሱን መብት ለማስከበር፣ የሌላውንም ለመጠበቅ እንዲችል ማድረግ ነው። እኛ እስከ ዛሬ በአንደኛው ላይ ብዙ ደክመናል። ሁለተኛው ግን ገና በእጃችን አልገባም። እኔ እንደማምንበት፣ በተከፋፈለ ሕዝብ መካከል ሁለተኛው ከሌለ አንደኛው ዋጋ የለውም፤ ሦስተኛውም አይገኝም።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት አካልን ከሚጎዳና ከጭካኔ ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ደንግጓል። አንድ መምህር ይህን አንቀጽ በግራ እጁ መጽሐፍ፣ በቀኝ እጁ አለንጋ ይዞ ቢያስተምር፣ ተማሪው የሚያምነው የትኛውን እጅ ነው? የገዛ ወገኑን ልጅ በምክር፣ የሌላውን ወገን ልጅ በአለንጋ የሚቀጣ ከሆነማ፣ በዚያ ቀን ክፍሉ ስለ እኩልነት የተማረውን ትምህርት ዕድሜ ልኩን አይረሳውም።

ታዲያ ሥልጠናው ምን ይምሰል? ከሁሉ አስቀድሞ ሥልጠና የምንለውን ነገር ከስብሰባ እንለየው። መምህራንን ለሦስት ቀን በአዳራሽ ሰብስቦ፣ አበል ከፍሎ፣ ሻይ አጠጥቶ፣ የምስክር ወረቀት አድሎ መሸኘት ሥልጠና አይባልም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የተባለው ለዚህ ነው። መምህሩ ጥቂት ከተማረ በኋላ ወደ ክፍሉ ተመልሶ ይሞክረው፤ ያልሆነለትን ይዞ ይምጣ፤ ከባልደረቦቹ ጋር ይምከርበት፤ እንደገናም ይሞክረው። ይህም ቢያንስ አንድ የትምህርት ዓመት ይፈጃል። በክረምት የሚሰጠው የመምህራን ሥልጠናም ሆነ ኮተቤን የመሰሉ የትምህርት ዩኒቨርሲቲዎች ለዚህ መነሻ ሊሆኑ ይችላሉ። ፍጻሜው ግን በክፍል ውስጥ ነው።

ሁለተኛ፣ ሥልጠናው የተለያዩትን በአንድ ላይ የሚያስቀምጥ ይሁን። በአንድ ግቢ ውስጥ በአማርኛ የሚያስተምረውና በአፋን ኦሮሞ የሚያስተምረው መምህር ለየብቻቸው ቢሠለጥኑ፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቅሬታ አሳምረው ይመለሳሉ እንጂ አይተዋወቁም። ሁለቱ አንድ ትምህርት በጋራ ያዘጋጁ። ስለ ቂሊንጦ መሬት የሚናገር አንድ ገጽ ጽፈው፣ የገበሬውም ልጅ የባለ ዕጣውም ልጅ «እውነት ነው» ብለው የሚቀበሉት እስኪሆን ድረስ ይፋቁት፣ ይከልሱት። ያችን አንድ ገጽ ለመጻፍ የሚወስደው ድካም ከብዙ ሰዓት ንግግር ይበልጣል።

ሦስተኛ፣ ሥልጠናው በትንንሽ ነገሮች ላይ ይድከም። ስም መጥራት ቀላል ነገር ይመስለናል። ጫልቱን፣ ሐጎስን፣ ሙስጠፋን፣ ጋልዋክን እናታቸው እንደምትጠራቸው አጥርቶ የማይጠራ መምህር፣ ክፍሉ ሲስቅም አብሮ ፈገግ የሚል መምህር፣ ስለ ክብር ያስተማረውን በዚያች ፈገግታ ይሽረዋል። ጠብ ሲነሣም፣ «ዝም በሉ፣ ፖለቲካ አታውሩ» ማለት አንድ መንገድ ነው፤ ጠቡን ግን ከክፍል ወደ መንገድ ያስወጣዋል እንጂ አያበርደውም። የሠለጠነ መምህር ግን አንደኛው ተማሪ ከመመለሱ በፊት የሁለተኛውን ቃል አስተካክሎ እንዲደግመው ያደርጋል። ስለ ወሬም ቢሆን፣ «ማን ነገረህ? እርሱስ በምን ዐወቀ?» ብሎ መጠየቅን ያለማምዳል። እነዚህ ነገሮች እንደ ጽሕፈት ሁሉ በልምምድ የሚገኙ ናቸው።

በአገራችን ለዚህ የሚረዳ መልካም ጅምር አለ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሰብአዊ መብቶች የምስለ ፍርድ ቤት ውድድር አቋቁሟል። በእንዲህ ያለ ክርክር ልማድ፣ ተከራካሪው ለከሳሽም ለተከሳሽም ወገን የሚሆነውን ማስረጃ ያዘጋጃል። የማይወደውን ወገን ነገር አሳምሮ ለመናገር የተገደደ ወጣት፣ ያን ወገን ዳግመኛ በቀላሉ አይንቀውም። ለተማሪዎቹ የተደረገው ለመምህራኑም በየትምህርት ቤታቸው ቢደረግ እንዴት ያለ ጥቅም በተገኘ!

ክቡራን አድማጮች፤ ከሌሎችም አገሮች የምንማረው አለ። በሩዋንዳ በ1986 ዓ.ም. ከደረሰው እልቂት በፊት፣ መምህራን ልጆቹን በየነገዳቸው እየለዩ «ሁቱ የሆናችሁ ተነሡ፤ ቱትሲ የሆናችሁ ተነሡ» እያሉ ይቆጥሯቸው ነበር። ከእልቂቱ በኋላ የአገሪቱ ታሪክ ትምህርት ለዓመታት ተቋረጠ፤ ማን ምን ብሎ ያስተምር? በቦስኒያም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1995 ከተፈጸመው ጦርነት በኋላ፣ «ሁለት ትምህርት ቤት በአንድ ጣራ ሥር» የሚባል ሥርዓት ተፈጠረ። ልጆች በአንድ ሕንፃ ውስጥ በተለያየ በር እየገቡ የተለያየ ትምህርት ይማሩ ጀመር። በሰሜን አየርላንድ ደግሞ በዚያው አቆጣጠር በ1981፣ ግድያው ገና ሳይበርድ፣ የካቶሊክና የፕሮቴስታንት ወላጆች ላገን ኮሌጅ የሚባለውን ትምህርት ቤት በ28 ልጆች ከፈቱ። ዕርቁ እስኪመጣ አልጠበቁም። 28 ልጅ የአንድ ክፍል ተማሪ እንኳ አይሞላም፤ ለመጀመር ግን በቃ።

ይሁን እንጂ ይህን ጥበብ ሁሉ ከውጭ የምናስመጣው አይምሰለን። በጥንቱ ሥርዓታችን ከሳሽና ተከሳሽ በቁራኛ፣ ነጠላቸው ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ፣ ወደ ዳኛ አብረው ይሄዱ ነበር። ተጣልተዋል፤ ነገር ግን አንዱ ያለ ሌላው ፍርድ ፊት አይደርስም። «በሕግ አምላክ» የተባለ ሰውም እጁን ይሰበስብ ነበር። በዘመናችንም ቢሆን፣ በመስከረም ወር 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው በጋሞና በሌሎችም ወገኖች ላይ ግድያና መፈናቀል በደረሰ ጊዜ፣ በአርባ ምንጭ የተቆጡ ወጣቶች ለመበቀል ተነሥተው ነበር። የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው በመንገዱ ላይ ተንበረከኩ። ወጣቶቹም ሣሩን ተሻግረው ማለፍ አልቻሉምና ተመለሱ። ሽማግሌዎቹ ያን ቀን ያደረጉትን ያን ቀን አልተማሩትም፤ ወጣቶቹም ሣሩን ማክበር ያን ቀን አልጀመሩም። ከልጅነት ጀምሮ የተለመደ ነገር ነው በክፉ ቀን የቆመው። ከመምህራን ሥልጠና የምንፈልገውም ይህንኑ ነው።

አንዳንድ ወላጆችና የሥራ ባልደረቦች፣ «መብት መብት የተባለ ልጅ ይባልጋል፤ ግዴታውን አስቀድሙለት» ሲሉ ይሰማል። ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም። አገራችን ታኅሣሥ 1 ቀን 1941 ዓ.ም. ደግፈው ድምፅ ከሰጡት 48 አገሮች አንዷ የሆነችበት የሰብአዊ መብቶች ሁለንተናዊ መግለጫም በአንቀጽ 29 ሰው ለማኅበረሰቡ ግዴታ እንዳለበት ይናገራል። ነገር ግን «መብቴ» ብቻ ማለትን የተማረ ልጅ ትምህርቱን ጨርሷል አይባልም። መብቱን በጎረቤቱ ላይ ያየ ልጅ ግዴታውን ከዚያው ላይ ያገኘዋል። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው ተረታችን በቂሊንጦ መንደሮች ከሆነ ቦታ ሁሉ ይልቅ ይሠራል። ዘመዱ በሩቅ ያለ ብዙ ነውና።

ሌላው ጥያቄ ከዚህ ይከብዳል። መምህሩ ራሱ የቆሰለ ቢሆንስ? በአገራችን ባለፉት ዓመታት በደረሰው ጦርነትና መፈናቀል ወንድሙን ያጣ፣ ቤቱ የተቃጠለበት፣ ከሥራው የተፈናቀለ መምህር አለ። እርሱን የሌላውን ወገን ልጅ እንደ ልጅህ እይ ብሎ ማዘዝ ቀላል ነው፤ ትእዛዙን መፈጸም ግን ቀላል አይደለም። ስለዚህ ሥልጠናው መምህሩን ከመምከሩ በፊት ያድምጠው። ሐዘኑን ለባልደረቦቹ የሚናገርበት ጊዜ ይሰጠው። የእርሱም መብት ይከበር፤ ደመወዙ በጊዜው ይከፈል፤ በክፍል ውስጥ እውነት በመናገሩ ከበላይም ከመንደርም የሚመጣበትን ፍርሃት የሚጋራው አለቃ ይኑረው። በፍርሃት የሚያስተምር መምህር ፍርሃትን ብቻ ያስተምራል።

በመጨረሻ፣ ይህ ንግግር ለመምህራን ብቻ የቀረበ የሚመስላችሁ የመንግሥት ሠራተኞች ብትኖሩ፣ አንድ ነገር ላሳስብ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ትምህርት የዓለም መርሐ ግብር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2010 እስከ 2014 በነበረው ሁለተኛ ምዕራፉ፣ እንዲሠለጥኑ ያላቸው መምህራንን ብቻ አልነበረም፤ የመንግሥት ሠራተኞችን፣ ሕግ አስከባሪዎችንና የጦር ሠራዊት አባላትንም ጨምሮ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ልጅ ከእናቱ ጋር ወደ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ይመጣል። እናቱ በደንብ በማትችለው ቋንቋ ስትንተባተብ፣ በመስኮቱ በስተጀርባ የተቀመጠው ሠራተኛ እንዴት እንደሚያያት ያያል። ተራዋ በዘመድ ሲታለፍ ያያል፤ ወይም ደግሞ ሠራተኛው ተነሥቶ፣ «እናቴ፣ ይቀመጡ፤ የሚያስረዳልን ሰው ልጥራ» ሲል ይሰማል። በማግሥቱ መምህሩ «ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ናቸው» ብሎ በሰሌዳው ላይ ሲጽፍ፣ ልጁ ማስረጃውን ከእናንተ ዘንድ አምጥቷል።

ስለዚህ የትምህርት ባለሥልጣኖች በጀት ሲመድቡ፣ ርእሳነ መምህራን የጊዜ ሰሌዳ ሲያወጡ፣ ወላጆችም በትምህርት ቤቱ ስብሰባ ሲገኙ፣ «መምህሮቻችን ጠብ ሲነሣ ምን እንደሚያደርጉ ማን አለማመዳቸው?» ብለው ይጠይቁ ዘንድ በትሕትና አሳስባለሁ። ጥያቄው ጠብ ሳይነሣ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። ድንጋይ ከተነሣ በኋላ ሥልጠና የለም።